ሳጅን ራማቦዱና የቀኙ መብራት

ሳጅን ጆሲያስ ራማቦዱን ያወቅኋቸው በሒሳብ ምክንያት ነው። በሞሆዲንግ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብና ፊዚክስ በማስተምርበት ዘመን፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደብተራቸውን በብብታቸው ሸጉጠው በሬን አንኳኩ። ባርኔጣቸውን አወለቁና እንዲህ አሉ፦

«ንታቴ መምህር፣ ጎማው ተቆልፎ ሠላሳ አንድ ሜትር የተንሸራተተ መኪና ፍጥነቱ ስንት ነበር? የኔ መልስ በደብተሬ አለ፤ የርስዎን ልስማ።»

ንታቴ ማለት አባቴ እንደ ማለት ነው፤ ሽማግሌውም ጎረምሳውን፣ ጎረምሳውም ሽማግሌውን በዚሁ ይጠራል። አስልቼ ነገርኳቸው። ደብተራቸውን ገልጠው አዩና፣ «ከኔ በአንድ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። አንድ ኪሎ ሜትር ደግሞ ሰው ያሳስራል» ብለው እንደገና እንዳሰላ አደረጉኝ። የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳጆች ሆንን። ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ነበር። ባለቤታቸው ሜ ማፑሌንግ (ሜ እናቴ፣ ማፑሌንግም የፑሌንግ እናት ማለት ነው) ማግዊንያ የሚሉትን በዘይት የተጠበሰ ትኩስ ሊጥ በሳህን እያቀረቡ፣ «መምህር፣ ይብሉ እንጂ፤ ቁጥር ሆድ አይሞላም» ይሉኛል። ሳጅን ደግሞ ከጠረጴዛው ላይ ሳህኑን ገፋ አድርገው የአደጋ ንድፍ ይዘረጋሉ። ስንት ምሽት እንዲህ አሳለፍን!

ሞሆዲንግ ጉም ያለበት ማለት ነው። ስሙን ያወጡት አባቶች አላጋነኑም። ከደርባን ወደብ ተነስቶ ወደ ጆሃንስበርግ የሚወጣው መንገድ በከተማችን በኩል ሸንተረሩን ይሻገራል፤ የባሕሩም እርጥበት ከመኪናዎቹ ጋር አብሮ ሽቅብ ይመጣል። በጥቅምት፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጀምር፣ ጧት በሩን የከፈተ ሰው የገዛ አጥሩን አያይም። ተማሪዎቼ አንዱ የሌላውን ሹራብ ይዘው፣ እንደ ግመል ተቀጣጥለው ይመጡ ነበር። «ዛሬ ተራራው ብርድ ልብሱን ተከናንቧል» ይላል የአገሩ ሰው። እንዲህ በተባለ ቀን ደግሞ የሳጅን ራማቦዱ ስልክ ሳይደወል አይውልም።

ሥራቸው በጉም ውስጥ የተጋጩ መኪናዎችን ነገር ወደ ኋላ መልሶ ማንበብ ነበር፤ ማን ማንን መታ፣ ማን ቀደመ፣ ማን ቆሞ ነበር፣ ማን አበራ፣ ማን አላበራም። ይህን ያስተማራቸው ሰው የለም። በድሮው መንግሥት ጥቁር ፖሊስ አይለካም፤ የሜትሩን ጫፍ ይይዛል። አሥራ አንድ ዓመት ጫፍ ያዙ። ነጮቹ አለቆች ቁጥሩን ሲጽፉ እሳቸው በልባቸው ይጽፉ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ፣ የሜትሩን ሌላኛውን ራስ የሚይዝ ሰው ሲፈለግ፣ ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ አልተገኘም።

አደጋ ቦታ ሲደርሱ መጀመሪያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይቆማሉ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጤና ይስጥልኝ። ራማቦዱ ነኝ። ልለካ ነው የመጣሁት፤ ስረግጣችሁ ይቅር በሉኝ» ይላሉ። ለማን እንደሚናገሩ የጠየቃቸው የለም። ቀጥሎም ከመጨረሻው መኪና ጀምረው ወደ ፊተኛው ይሄዳሉ፤ የመጨረሻው ግጭት ምንጊዜም ከላይ ስለሆነ፣ የመጀመሪያውም ከሥር ስለተቀበረ። «ሽንኩርት ነው» ይሉኝ ነበር፤ «ከላይ ካልተላጠ አይላጥም። ማስለቀሱም ያው ነው።»

ከሁሉ አብልጠው የሚያምኑት ግን የአምፖልን ሽቦ ነበር። መብራት በርቶ ሳለ ሽቦው የጋለ ነው፤ መኪናው ሲመታ እንደ ሊጥ ይለመጣል፣ ተለምጦም ይቀራል። ጠፍቶ የነበረ እንደሆነ ግን ቀዝቃዛ ነውና ወይ ይሰበራል፣ ወይ ቀጥ እንዳለ ይኖራል። ስለዚህ ከሜትሩ በፊት አምፖሎቹን ይሰበስባሉ፤ የሕፃናት ወተት በነበረበት ቆርቆሮ ጥጥ አንጥፈው፣ እንደ ጫጩት እያስተኙ ያስቀምጧቸዋል። አንድ የሚያስፈራቸው ነገር ቢኖር ማብሪያው ነው። መስታወቱ በተሰበረ አምፖል ውስጥ ኤሌክትሪክ ከገባ ሽቦው አየር ነክቶት በአንድ ትንፋሽ ይቃጠላል፤ ቅርጹም፣ የሚናገረውም ነገር አብሮ ይጠፋል። ከዚህም የከፋ አለ፤ የሚያየው ሰው መስታወቱ ሲሰበር በርቶ የነበረ ይመስለዋል። ስለዚህ ደንብ አወጡ፤ ለፖሊሱም፣ ለጎታች መኪና ሰዎችም፣ ለኔም ሳይቀር ይደጋግሙት ነበር፦

«መጀመሪያ መስታወት፣ ቀጥሎ ሜትር፣ አፍ ከሁሉም ኋላ።»

ሹፌሩን ምንም አይጠይቁም ማለት ነው፤ አምፖሉ ቆርቆሮው ውስጥ እስኪገባ ድረስ። ሹፌሩ ቢያለቅስ፣ ቢምል፣ እግራቸው ላይ ቢወድቅ፣ «ቆይ ልጄ፣ ቆይ» ብቻ ነው መልሳቸው።

አሥራ ስምንት ዓመት በዚህ ደንብ ኖሩ። የሳቱት አንድ ቀን ብቻ ነው።

ያ ቀን በጥቅምት፣ ጡረታ ሊወጡ ዓመት ሲቀራቸው ነበር። ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከሸንተረሩ አናት በታች፣ ስድስት መኪና ተነባበረ። ከፊት ግንድ የጫነ ባለተሳቢ የጭነት መኪና ነበር። ሹፌሩ ቬላፒ ሃደቤ ይባላል፤ ከናታል በኩል፣ ከተራራው ሥር ካለ መንደር ነው። ነጩን መሥመር ጉም ሲውጥበት ገደሉን ፈርቶ ቆመ። ወዲያው ሚኒባስ ታክሲ ከኋላ በግራ በኩል ገባበት። ቬላፒ ነዳጅ ሲፈስ ሸተተውና እሳት እንዳይነሳ ሁሉን አጥፍቶ ወረደ። ደቂቃ ሳይሞላ የዳቦ መኪና ታክሲውን መታ፣ ታክሲውም ተጠማዞ የተሳቢውን የቀኝ መብራት ሰበረ፤ ከዚያ ሁለት የቤት መኪናዎች፣ በመጨረሻም ሌላ የጭነት መኪና መጣ። ከታክሲው ዘጠኝ ሰው ሞተ። ከዳቦው መኪና ጀምሮ ያሉት ሁሉ በሕይወት ወጡ።

ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ሳጅን ናቸው፤ ብዙ ጊዜ፣ ሁልጊዜም በአንድ ዓይነት ቃል።

ሲደርሱ ጎቬንደር የሚባለው ባለ ጎታች መኪና ቀድሟቸው ነበር። ጎቬንደር ሁልጊዜ ይቀድማል፤ አደጋው ሳይደርስ ይደርሳል ይሉታል።

«ሳጅን፣ ዛሬ ሽንኩርትህ ትልቅ ነው» አላቸው። «ስድስት ልጣጭ።»

«ስንት ሞቱ?»

«ዘጠኝ።» ጎቬንደር ሲጋራውን ጣለ። «የግንዱን ሹፌር ተመልከተው፤ አራቱን እሱ ነው ጎትቶ ያወጣ። አሁን ብቻውን ያወራል።»

ሳጅን ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ እንደ ልማዳቸው ሰላምታ ሰጡ፣ ከኋላ ጀምረውም ወደ ፊት ሄዱ። ተሳቢው ጋ ሲደርሱ የግራ መብራቱ ከብረቱ ጋር ተጨፍልቆ አንድ ሆኗል፤ ምንም አይገኝበትም። የቀኙ ግን መስታወቱ ብቻ ነው የተሰበረ፤ ሽቦው እንዳለ አለ። ጎንበስ ብለው ሊያዩት ሲሉ ቬላፒ ከጉሙ ውስጥ ወጣ። ልብሱ ሁሉ ደም ነው፤ የራሱ አይደለም። ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ፣

«ባባ» አላቸው በራሱ አገር አጠራር፤ «ባባ፣ እኔ አልገደልኳቸውም በሉኝ። እባክዎ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በሉኝ።»

ሳጅን ፊታቸውን ከመብራቱ ወደ ሰውየው አዞሩ። ስለ ምን እንደሆነ ሁልጊዜ ይጠይቁኝ ነበር፤ እኔ ግን ምን አውቄ? ምናልባት ዕድሜ ነው፤ ምናልባት ያ ሰው አራቱን ከታክሲው ጎትቶ አውጥቶ ቆሞ የሚለምነው ቃል ትንሽ ሆኖ ታያቸው። «አዎ» ቢላቸው፣ «እንግዲያው አትፍራ» ሊሉት ፈልገው ነበር።

«ልጄ» አሉት፣ «መብራትህ በርቶ ነበር?»

«በርቷል እንጂ ባባ! ይሠራል! ቆዩ ላሳይዎት!»

«ተው! ተው አትንካ!»

ሰውየው ግን በጉሙ ውስጥ ሮጦ ጋቢናው ላይ ወጥቶ ነበር። ቀዩ መብራት ለአንድ አፍታ ነጭ ብርሃን ሰጠ፤ ቀጭን ነጭ ጭስ ወጣ፤ ጠፋም። ሽቦው ተበጣጥሶ ሲወድቅ ሳጅን አዩት። ከጋቢናው ቬላፒ፣ «አዩ ባባ? አዩ?» እያለ ይጣራል።

ከሳቸው በቀር ያየ አልነበረም። ጎቬንደር ከኋላ ሰንሰለት ያስር ነበር።

*

ክሱ በቸልተኝነት ዘጠኝ ሰው መግደል ነው። ከዳቦው መኪናና ከቤት መኪናዎቹ የተረፉት ሦስት ሰዎች፣ «ምንም መብራት አላየንም» ብለው ቃል ሰጥተዋል። ቬላፒም፣ «በርቶ ነበር፤ ያጠፋሁት ታክሲው ከመታኝ በኋላ ነው» ይላል። ታክሲው ውስጥ ከነበሩት የተረፈ የለም። እንግዲህ ሁሉ ነገር በዚያ በቆርቆሮ ውስጥ ባለው አመድ ላይ ወደቀ።

ከችሎቱ ሁለት ሳምንት በፊት የቬላፒ ሚስት ማሚያ መጣች። ሁለት ታክሲ ቀይራ፣ ቅዳሜ ዕለት፣ እኔ የታክሲውን ፍጥነት ሳሰላ ደረሰች። ወንበር ሲሰጧት እምቢ ብላ በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ሜ ማፑሌንግ ሻይ አቀረቡላት።

«ባባ፣ ጠበቃው ሽቦው ተቃጥሏል አለኝ።»

«ተቃጥሏል» አሉ ሳጅን።

«የተቃጠለ ሽቦ የበራ መብራት ነው አለኝ።»

«መስታወቱ ሲሰበር በርቶ የነበረ ሽቦ ይቃጠላል። ልክ ነው።»

«እንግዲያው ይህንኑ ይበሉ። ተቃጥሏል ይበሉና ይቀመጡ። ሌላ እንዲጨምሩ ማን ለመነዎት?»

«ማሚያ፣ በኋላ ባልሽ ሲያበራው አይቻለሁ።»

«በዚያ ጉም?» አለች ቀና ብላ። «የገዛ እጅ በማይታይበት? ሦስት ሰው መብራቱን አላየንም ብሎ ይምላል፤ እርስዎ ብቻ ያንን ክር የምታህል ሽቦ አዩ? ዓይንዎን የት ነው ያሳጠቡት?»

ሜ ማፑሌንግ ሳቃቸውን በጣታቸው ጫፍ ሸፈኑት። ሳጅን አልሳቁም።

«እኔ ባልጠይቀው ኖሮ አያበራውም ነበር» አሉ።

«ስለዚህ ጥፋቱ የርስዎ ነው።»

«የኔ ነው።»

«ታዲያ እሱ ስለ ምን ይታሰራል?»

እኔም እርሳሴን አስቀመጥኩ።

«ሽቦው ከመቃጠሉ በፊት ተለምጦ ከነበረ ባልሽ ንጹሕ ነው» አሉ ሳጅን ቀስ ብለው። «ቀጥ ብሎ ከነበረ ዘጠኝ ሰው በእጁ አለ። ላየው ስል ፊቴን አዞርኩ። አላየሁም። ያላየሁትን አየሁ፣ ያየሁትን አላየሁም ካልኩ፣ ነገ ሌላ ሹፌር…»

«የነገውን ሹፌር አላገባሁትም» አለች ማሚያ።

ሻይዋን እንዳለ ትታ ተነሳች። ከሄደች በኋላ ሜ ማፑሌንግ ጽዋውን እያነሱ፣ «የፑሌንግ አባት፣ አሥራ ስምንት ዓመት እውነት ስትናገር ኖርክ። ምን አተረፍክ? ጉልበትህን ታመምክ። አንድ ቀን ዝም ብትል ጉልበትህ ይሻልህ ይሆን?» አሏቸው። ቀልድ አስመስለው ተናገሩት እንጂ ቀልድ አልነበረም። ሳጅን ወደ ደብተራቸው አቀረቀሩ።

በችሎቱ ቀን ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። በግራ በኩል የዘጠኙ ሟቾች ዘመዶች ጥቁር ለብሰው፣ በቀኝ ማሚያ ብቻዋን። ጠበቃው ቆርቆሮውን ከፍቶ፣ «ይህ ሽቦ ተቃጥሏል፣ አዎ ወይስ አይደለም?» ብሎ ጠየቀ።

«ተቃጥሏል።»

ጠበቃው ሊቀመጥ ሲል ሳጅን ቀጠሉ። «ነገር ግን ጌታዬ፣ ከአደጋው በኋላ ዓይኔ እያየ ነው የተቃጠለው። ማብሪያው ሲነካ አይቻለሁ።»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲያው ሽቦው ስለ ተከሳሹ ምን ይነግረናል?»

«ምንም አይነግረንም፣ ክቡር ዳኛ። እንዲናገር ጊዜ አልሰጠነውም።»

«አልሰጠነውም ሲሉ ማን ማን ናችሁ?»

«እኔና ተከሳሹ። ይልቁንም እኔ። ጊዜው ሳይደርስ ጠየቅሁት።»

ቬላፒ ከተከሳሾቹ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ሳጅንን ያይ ነበር። ንዴት አይታይበትም፤ ግራ የገባው ሰው ፊት ነበር፤ አንድ ሕፃን ወድዶ የተጠጋው ትልቅ ሰው በጥፊ ሲመታው እንደሚያየው ያለ። አምፖሉ ከማስረጃነት ወጣ። የቀሩት «መብራት አላየንም» ያሉት ሦስቱ ናቸው። ስድስት ዓመት ተፈረደበት።

*

ሳጅን በዚያው ዓመት ጡረታ ወጡ። ሰዓት ሰጧቸው፣ አጨበጨቡላቸው። በማግስቱ ጧት፣ ጉሙ ሲወርድ፣ መጥተው በሬን አንኳኩ።

«መምህር፣ ዛሬ ሰንበት ነው፤ ትምህርት የለዎትም። ቆፈን ይችላሉ?»

ከጎቬንደር ግቢ የቬላፒን ተሳቢ መብራት የሚመስል አሮጌ መብራት ለምነው አምጥተዋል፤ ባትሪውን በጋሪ ጭነዋል። ሰው በማይሄድበት በድሮው መንገድ ላይ መብራቱን አስይዘው አቆሙኝና ሜትሩን እየዘረጉ ወደ ኋላ ሄዱ።

«ይታየኛል!» የሚል ድምፅ ከጉሙ ውስጥ መጣ። ትንሽ ቆይቶ፣ «ይታየኛል!» ደግሞ ትንሽ ቆይቶ፣ «ጠፉብኝ መምህር!»

አሥራ ዘጠኝ ሜትር ነበር። በሌላው ሳምንት አሥራ አምስት። በሌላው ሃያ ሁለት። ሁለት የዝናብ ወቅት፣ ሠላሳ አራት ጧት። አንድ ቀን እንጨት የተሸከመች ሴት በመካከላችን ብቅ ብላ፣ «እናንተ ሽማግሌዎች፣ ጠፍታችሁ ነው ወይስ ድብብቆሽ ነው?» ብላ ጮኸች። «ድብብቆሽ ነው ሜ! መምህሩ ጎበዝ ነው፤ አይገኝም!» ብለው መለሱላት። በዚያ ጊዜ ብቻ ሲስቁ የሰማኋቸው ይመስለኛል።

ሒሳቡን ጠረጴዛቸው ላይ አብረን ጨረስነው። ታክሲው በሰዓት ስልሳ ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር፤ ይህን ከተጨፈለቀው ብረትና ከጎማው ምልክት አግኝተነዋል። በዚያ ፍጥነት አንድ ሹፌር አይቶ፣ ፍሬን ይዞ እስኪቆም አርባ ስምንት ሜትር ይፈልጋል። መብራቱ ግን በሠላሳ አራቱም ጧቶች ከሃያ አምስት ሜትር አልፎ አልታየም። እንግዲህ የቬላፒ መብራት ቢበራም ባይበራም ዘጠኙ ሰዎች ይሞቱ ነበር! ሳጅን ይህን ሲያዩ ሒሳቡን ከራሱ ጀምረው እንደገና አሰሉት። ከዚያ፣ «የፑሌንግ እናት! ነይ እዪ!» ብለው ጮኹ። ሜ ማፑሌንግ መጥተው ቁጥሩን አዩና፣ «ይህ ልጁን ያስወጣዋል?» አሉ። «ያስወጣዋል» አሉ ሳጅን።

አሥራ አንድ ገጽ ጻፉ፤ እኔም ስሌቱን አረጋግጬ ፈረምኩ። ይግባኙን የሚይዝ ጠበቃ ተገኘ። መልሱ ከሰባት ወር በኋላ መጣ፤ ሦስት መሥመር ነበር። የዛሬ ጉም የዚያን ቀን ጉም ስለ መሆኑ ማረጋገጫ የለም ይላል። ደግሞም ጥናቱን ያቀረበው ምስክር ቀድሞ ማስረጃ ያጠፋ በመሆኑ ሊታመን አይችልም ይላል። ይግባኙ ተቀባይነት የለውም።

ሳጅን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ስለ ጉሙ ልክ ናቸው» አሉኝ። «እኔም ዳኛ ብሆን ይህንኑ እጽፍ ነበር። ጉምን የሚያስቀምጥበት ቆርቆሮ ያለው ማን ነው?» ከዚያ በኋላ መብራቱን ለጎቬንደር መለሱለት። ጧት ጧት አልወጡም።

*

ቬላፒ አራት ዓመት ታስሮ በአመክሮ ተፈታ። በተፈታ በወሩ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሳጅን ቤት መጣ። እኔም ነበርኩ። ከሲታ ሆኗል፤ ከፊት ሁለት ጥርስ የለውም። ባርኔጣውን በጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ።

«ባባ፣ ልጣላዎ አልመጣሁም።»

«ብትጣላኝም አገባብ አለህ፣ ሃደቤ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።» ባርኔጣውን አዞረው። «መብራቱ በርቶ ነበር?»

ሜ ማፑሌንግ ሻይ እየቀዱ ነበር፤ ማንቆርቆሪያውን መልሰው አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ጋቢናው ውስጥ የነበርከው አንተ ነህ። አንተ ነህ የምታውቀው» አሉ ሳጅን።

«አውቅ ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት አውቅ ነበር ባባ፤ በእናቴ ስም እምል ነበር። በኋላ ግን ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር አበራዋለሁ፣ አጠፋዋለሁ። በርቶ አየዋለሁ፤ ደግሞ ጠፍቶ አየዋለሁ። አሁን የዚያን ቀኑ የትኛው እንደሆነ ጠፋኝ። ከታክሲው ያወጣኋት አንዲት ሴት ነበረች፣ አረንጓዴ ሹራብ የለበሰች፤ እጄ ላይ ነው ያለፈችው። እየመጣች ‹ለምን አላበራህም?› ትለኛለች። ምን ብዬ ልመልስላት? ማሚያንም ጠየቅኋት፤ ‹አብርተህ ነበር› ትለኛለች፤ እሷ የት አውቃ? የሚያውቅ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። ይንገሩኝ። ጠፍቶ ነበር ካሉኝም እችለዋለሁ።»

ሳጅን አዩት። እኔም ሳጅንን አየሁ። እኚህ ለአንድ ኪሎ ሜትር ልዩነት ቅዳሜዬን የወሰዱ ሰው ናቸው።

«በርቶ ነበር» አሉ።

ቬላፒ ቀና አለ። «እንዴት አወቁ?»

«ሽቦውን አይቼዋለሁ። ከመቃጠሉ በፊት ጎንበስ ብዬ አየሁት። ተለምጦ ነበር፤ እንደ ሊጥ። በርቶ ነበር ልጄ፤ አንተ ማንንም አልገደልክም።»

ቬላፒ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሜ ማፑሌንግ ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም በዚያች አፍታ መልካም ነገር የተደረገ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ቬላፒ እጁን ከፊቱ አነሳ።

«አይተውት ነበር?» አለ።

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለዳኛው ይህን ያልነገሩት ስለ ምን ነው?»

ሳጅን ጽዋቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ።

«ባባ፣ አራት ዓመት። እናቴ የሞተችው እዚያ ሳለሁ ነው። አይተውት ነበር፣ ግን ምንም አይናገርም ብለው ነገሯቸው?»

አፌን ልከፍት ስል ሳጅን ከጠረጴዛው ሥር ክንዴን ጨመቁት፤ የሽማግሌ እጅ እንዲያ ይጨምቃል ብዬ አላስብም ነበር። ቬላፒ መልስ ጠበቀ። ባጣ ጊዜ ተነሳ፣ ባርኔጣውን አደረገ። እጁን ለማንም አልዘረጋም። ለሜ ማፑሌንግ ብቻ ራሱን ዝቅ አድርጎ ወጣ።

«ልከተለው» አልኩ። «ልንገረው።»

«ምን ብለው?» አሉኝ ሳጅን። «‹አላወቀም፣ ዋሽቶህ ነው› ሊሉት? ያቺ አረንጓዴ ሹራብ የለበሰችው ትመለስበት? ይተዉት። ዛሬ ማታ እኔን ይጠላል፤ ይተኛል።»

ወሬው ከተራራው ሥር ካሉት መንደሮች ሽቅብ ለመምጣት ጊዜ አልፈጀበትም። ሞሆዲንግ ያለው ሽማግሌ አይቶ ደበቀ ተባለ። ከዚያም፣ ይህን የደበቀ ሌላስ ስንት ደብቆ ይሆን ተባለ። ሳጅን ለክተው የተፈረደባቸው ሰዎች፣ የሞቱም ሰዎች ልጆች ሳይቀሩ፣ ነገራቸው እንደገና እንዲታይ ማመልከት ጀመሩ። አሥራ ስምንት ዓመት የተለካው ሁሉ ጥርጣሬ ገባበት። አንድ መርማሪ መጥቶ ሳጅንን፣ «አይተዋል ወይስ አላዩም?» ብሎ በቃልም በጽሑፍም ጠየቃቸው። ለሱም አልመለሱለትም፤ «አላየሁም» ማለት የቬላፒን እንቅልፍ፣ «አይቻለሁ» ማለት ደግሞ የለኩትን ሁሉ ያጠፋ ነበርና። ጎቬንደር እንኳ መንገድ ላይ ሲያገኛቸው የሚለው ቀልድ እያጣ፣ ራሱን ነቅንቆ ማለፍ ጀመረ።

በሁለተኛው ዓመት፣ በግንቦት ወር፣ በደረቁና በብርዱ ጊዜ ሞቱ። ለቀብራቸው የመጣነው አንድ ሚኒባስ የምንሞላ ነበርን።

ሜ ማፑሌንግ ወደ ናታል ወርደው ለቬላፒ እውነቱን ሊነግሩት ሁለት ጊዜ ተነስተው ነበር። አንድ ጊዜ ታክሲ ተራ ድረስ ሸኝቻቸዋለሁ። ተራ ጠብቀው፣ በሩ ሲከፈትላቸው፣ አንድ እግራቸውን አስገብተው ቆሙ።

«መምህር፣ የባሌን ስም ላድን ብዬ የሰው እንቅልፍ ልቀማ ነው እንዴ?» አሉኝ።

ሹፌሩ፣ «ሜ፣ ይግቡ ወይ ይውረዱ፤ ሰው እየጠበቀ ነው» አላቸው። ወረዱ። ቦርሳቸውን ይዤላቸው ወደ ቤት ተመለስን። እኔም በዚያ አገር ሌላ ስድስት ዓመት ኖሬ፣ ወደ ቬላፒ አልሄድኩም።